እርማት፦ መኪናው ስለተጠገነ ካሳው አልቋል ማለት አይደለም

«ኢንሹራንሱ መኪናውን ካስጠገነ ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም» የተባለው ትክክል አይደለም። ጥገና የሚመልሰው አካሉን እንጂ የገበያ ዋጋውን አይደለም። ገዢ የቀለሙን ውፍረት በመለኪያ ያየዋል፤ የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ሲሆን፣ ስቱኮ (የተጎዳ ቦታ መሙያ) የተሞላበት ቦታ ብዙ መቶዎችን ያሳያል። ሻንሲው ተጎትቶ የተቃና ከሆነ ደግሞ የዋጋ ቅናሹ ይከብዳል። ባምፐር ብቻ ከተቀየረ ብዙም አያከራክርም።

ሰው የሚሳሳተው የዚህ የዋጋ ቅናሽ ካሳ ጥያቄ ለማን እንደሚቀርብ ላይ ነው። የራስዎ ሙሉ ሽፋን ውል የዋጋ መቀነስን አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም። ጥፋተኛው ሌላ አሽከርካሪ ከሆነ ግን፣ ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ ሁሉ፣ ጥያቄው የሚቀርበው ለእሱ የሦስተኛ ወገን መድን ሰጪ ነው። ከአደጋው በፊት የነበረውን ዋጋ ተመሳሳይ ሞዴል፣ የምርት ዓመትና ኪሎ ሜትር ባላቸው መኪኖች የሽያጭ ዋጋ ያሳዩ፤ ከጥገና በኋላ ያለውን ገለልተኛ ገማች በጽሑፍ ይስጥዎ። የጋራዡን ዝርዝር ደረሰኝና መኪናው ከመፈታቱ በፊት የተነሳ ፎቶ ያያይዙ። የጥገናውን ወጪ የዋጋ ቅናሽ ብለው ግን አያቅርቡ፤ ሁለቱ የተለያዩ ጉዳቶች ናቸው።

ከሁሉ በላይ እባክዎ መድን ሰጪው የሚያስፈርምዎትን ሰነድ ያንብቡ። «ከአደጋው ጋር የተያያዘ ማንኛውንም ጥያቄ ትቻለሁ» የሚል ሐረግ ካለበት፣ የዋጋ ቅናሹም አብሮ ሊዘጋ ይችላል። ፊርማዎን ከማኖርዎ በፊት «ለጥገናው ብቻ» ተብሎ እንዲስተካከል ይጠይቁ።