ስምህን ከነእናትህ ስም

ፍራንክፈርት አብራኝ የምትሠራ አንዲት ጀርመናዊት አለች። ባለፈው ዓመት የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስዳ ጠፋች። ስትመለስ ግራ እጇ ላይ ቀይ ክር አስራለች። «እስራኤል፣ ጽፋት የምትባል ከተማ ነበርኩ፣ ነፍሴን ላሳርፍ» አለችኝ። ከዚያ ወንበሯን ወደኔ ሳብ አድርጋ ካባላ ስለሚባለው የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት ታስረዳኝ ጀመር። ፊደል ሁሉ ቁጥር አለው። ስም ተቆጥሮ ይፈታል። ለታመመ ሰው ሲጸለይ ስሙ ከነእናቱ ስም ይጠራል።

ሳቄን ዋጥኩት። ይሄን እኔ በ9 ዓመቴ ጎንደር ሰምቼዋለሁ። ራስ ምታት አላስቀምጥ ብሎኝ እናቴ አንድ ደብተራ ዘንድ በጓሮ በር ይዛኝ ገባች። ሰውየው የጠየቀን የመጀመሪያ ነገር «ስምህን ከነእናትህ ስም» የሚል ነበር። ቆጠረ፣ በ12 ገደፈ፣ ኮከቤን ተናገረ። ክታብ ጽፎ በቆዳ ሰፍቶ አንገቴ ላይ አሰረልኝ። «ከቡዳና ከዓይነ ጥላ ይጠብቀዋል» አለ። ስንወጣ እናቴ ክታቡን ሸሚዜ ውስጥ ከተተችና «ለማንም እንዳትናገር፣ በተለይ ለንስሐ አባታችን» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ጀርመናዊቷ ግን ክሯን ለቢሮው ሁሉ ታሳያለች። ስብሰባ ላይ እንኳ እጅጌዋን ሰብሰብ ታደርጋለች።

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ዘንድሮ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ስሄድ ከተሳላሚው ቡድን ተነጠልኩና በሚቀጥለው ዓርብ በጠዋት አውቶቡስ ወደ ሰሜን ተሳፈርኩ። ደግሞም ጽፋት ሰው አለን። እናቴ ከልጅነቷ የምታውቃቸው፣ ጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ የሄዱ አንዲት ሴት፣ ቤተ እስራኤል፣ እዚያ ይኖራሉ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። እናቴ «እግርህ ከደረሰ ሳታያቸው እንዳትመጣ» ብላኛለች።

ጽፋት የገሊላ ተራራ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 900 ሜትር ገደማ። ለጎንደር ልጅ ይሄ ቆላ ነው። እነሱ ግን ከፍታዋን ሲያወሩ አፋቸው አይጠግብም። አይሁድ አራት ቅዱሳን ከተሞች አሏቸው፤ አራቱን ከአራቱ ባሕርያት ጋር ያዛምዷቸዋል። ኢየሩሳሌም እሳት፣ ኬብሮን መሬት፣ ጥብርያዶስ ውሃ፣ ጽፋት ነፋስ። መንገዶቿ ጠባብ ናቸው፤ ድንጋይ ለድንጋይ ይወጣል፣ ይወረዳል። በሩም መስኮቱም ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ሰማይን እንዲያስታውስ ነው ይላሉ። መቃብሩ ሳይቀር ሰማያዊ ነው።

ይቺ ከተማ ምሥጢረኛ የሆነችው በስደተኞች ነው። በ1492 እ.ኤ.አ. ስፔን አይሁዶቿን አባረረች። ተበትነው ተበትነው፣ በ16ኛው መቶ ዓመት ኦቶማኖች ከሚገዟት ከዚች ተራራ ላይ ሊቃውንቱ ተሰበሰቡ። ዮሴፍ ካሮ እዚህ ተቀምጦ ነው ሹልሃን ዓሩኽ የተባለውን የሕግ መጽሐፍ ያዘጋጀው፤ በ1565 ቬኒስ ላይ ታተመ፣ ዛሬም ምን ይበላል፣ ምን ይጸለያል ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። የካባላው ሊቅ ሙሴ ኮርዶቬሮም እዚሁ ነበር። ከሁሉም ስሙ የገነነው ግን «አሪ»፣ አንበሳው፣ የሚባለው ይስሐቅ ሉሪያ ነው። ኢየሩሳሌም ተወልዶ ግብፅ ያደገ ሰው ነው። ጽፋት የገባው በ1570፣ ወረርሽኝ የገደለው በ1572። ዕድሜው 38። በሁለት ዓመት! ራሱ የጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ደቀ መዝሙሩ ሐይም ቪታል ነው የሰማውን እየጻፈ ያቆየልን።

ትምህርቱ ባጭሩ እንዲህ ነው። እግዚአብሔር ዓለምን ሲፈጥር መጀመሪያ ራሱን ሰብሰብ አደረገ፣ ለዓለም ቦታ ለቀቀ። ከዚያ ብርሃኑን በዕቃ ላይ አፈሰሰ። ዕቃዎቹ አልቻሉትም፣ ተሰበሩ። የብርሃኑ ፍንጣሪ በየቦታው ተበተነ። የሰው ሥራ በጸሎትና በትእዛዝ ያንን ፍንጣሪ እየለቀመ የተሰበረውን መጠገን ነው። አገሩን ለቆ የተበተነ ሰው ይሄን ሲሰማ ማስረጃ አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከሰዓት በፊት ሁለት ሰዓት የሚፈጅ «የካባላ መግቢያ» ክፍል ገባሁ። ገንዘቡን ከፍዬ፣ የምሰማውን ማመን አቃተኝ፤ ከትምህርቱ ይልቅ የአቀራረቡ ነገር። ድሮ ካባላ የሚማር ሰው 40 ዓመት የሞላው፣ ያገባ፣ ኦሪትና ታልሙድ የሚሉትን የራቢዎች የሕግ መጽሐፍ የጠገበ ይሁን ይባል ነበር። አሁን አጠገቤ ቁምጣ የለበሰ አሜሪካዊ ጎረምሳ አይስክሬም ይዞ ተቀምጧል። አስተማሪው ግን ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። በሰሌዳው ላይ «ኤሐድ» ብሎ ጻፈ፤ አንድ ማለት ነው፣ ሲቆጠር 13። ከሥሩ «አሃቫ»፣ ፍቅር፣ እሱም 13። ሁለቱ ሲደመሩ 26፣ ይሄም የእግዚአብሔር የስሙ ቁጥር። ጎረምሳው አይስክሬሙ እጁ ላይ ሲቀልጥ አላወቀም።

ቀጥሎ መጽሐፍ በአራት ደረጃ እንደሚፈታ አስረዳን፤ ላይ ላዩ ንባብ፣ ጥቆማው፣ ትርጓሜው፣ መጨረሻ ላይ ሶድ፣ ምሥጢሩ። እኔ በሐሳብ ጎጃም ሄጃለሁ። ደበሎ ለብሶ፣ ውሻ እያባረረው ቁራሽ ለምኖ፣ ስንት ዓመት ሰም ከወርቅ መለየት የሚማረው የቅኔ ተማሪ ፊቴ ላይ መጣ። እሱን በሁለት ሰዓት የሚያስተምር የለም። ጥሩ ነው እንዳልል፣ ስንቱ ሊቅ የሚያውቀውን ይዞ ተቀበረ። መጥፎ ነው እንዳልል ደግሞ አይስክሬሙን አየሁት።

ከክፍሉ በኋላ አንድ አስጎብኚ ወደ ሠዓሊዎች ሰፈር ወሰደን። ቆንጆ ነው፣ ጋለሪ በጋለሪ። ይሄ ሰፈር እስከ 1948 የዓረቦች ሰፈር ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት፣ በጦርነቱ፣ ሰዉ ወጣ፤ አልተመለሰም። መስጊዱ ዛሬ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ነው። ፍልስጤማዊው ፖለቲከኛ ማሕሙድ አባስም የተወለደው እዚችው ጽፋት ነው፣ በ1935። አስጎብኚው ስለ ቀለም ቅብ ብቻ አወራ። ስለ ተበተነ ብርሃን የምታወራ ከተማ፣ ስለነዚህ አንድ ቃል የላትም።

ከመቃብሩ ዳር የአሪ ሚክቬ የሚሉት የመንጻት ውሃ አለ። ምንጭ ነው፣ በረዶ የሆነ። ወንዶች ብቻ ራቁታቸውን ይነከሩበታል። እዚያ የተነከረ ሰው ንስሐ ሳይገባ አይሞትም ይባላል። አንድ ወፍራም ሰውዬ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ ፊቱ በርቶ ሲወጣ አየሁ። የጸበልተኛ ፊት ነው፤ በልጅነቴ በሌሊት ተቀስቅሼ፣ እየጮህኩ፣ ያየሁት። እኔ አልገባሁም። አንደኛ የሰው እምነት ነው። ሁለተኛ ብርዱን ፈራሁ።

ዓርብ ከሰዓት ከተማዋ ትሯሯጣለች። ሱቅ ይዘጋል፣ አውቶቡስ ይቆማል። በ16ኛው መቶ ዓመት እነዚያ ሊቃውንት ነጭ ለብሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ሜዳ ወጥተው ሰንበትን እንደ ሙሽራ ይቀበሏት ነበር። ሽሎሞ አልካቤጽ የሚባለው ገጣሚ ለዚሁ የጻፈው መዝሙር ዛሬ በመላው ዓለም በምኩራቦች ዓርብ ማታ ይዘመራል። መጨረሻው ላይ ሰዉ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ «ሙሽራዬ ነይ» ይላል። በአንዱ ምኩራብ በር ቆሜ ሰማሁት። ፀጉሬ ቆመ። ከዚያ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ወደ እትዬ ቤት በእግሬ ወጣሁ።

እትዬ የሚኖሩት ከአሮጌው ከተማ ወጣ ያለ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም የምንለውን የመሰለ ሕንፃ ላይ ነው። ቱሪስት እዚያ አይደርስም። በሩን ከፍተው አገላብጠው ሳሙኝ። «አፍንጫህ የእናትህ ነው» አሉ። ከዚያ በጎንደር አማርኛ፣ ቃሉ ሁሉ ሳይሸራረፍ፣ ስለ ሁሉም ጠየቁኝ። አገር ቤት የማይሰማ አማርኛ እዚያ ፎቅ ላይ ሳይነካ ተቀምጧል።

ውዬ ያየሁትን ነገርኳቸው። ሚክቬው ላይ ስደርስ ፊታቸው ተለወጠ።

በ1984 በሱዳን በኩል፣ በእግር፣ ታናሽ እህታቸውን መንገድ ላይ ቀብረው ነው የመጡት። ኦቫዲያ ዮሴፍ የሚባሉት ዋና ራቢ በ1973 «ቤተ እስራኤሎች ከዳን ነገድ ናቸው» ብለው ወስነው ነበር። ቢሆንም ሲመጡ፣ አይሁድነታቸው ያጠራጥራል ተብሎ፣ «ለጥርጣሬው» ውሃ ውስጥ ግቡ ተባሉ። በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ አንድ ወር ያህል ሜዳ ላይ ተቀምጠው ተቃወሙ። እትዬም ነበሩበት።

«ውሃ ጠልቼ መሰለህ ልጄ?» አሉኝ። «ወለቃ ሳለን በየወሩ የመርገም ጎጆ እንወጣ ነበር። ወንዝ ወርደን ታጥበን ነው የምንመለስ። ማን ነው ለኔ ውሃ የሚያስተምረኝ?»

ጀርመናዊቷ ትዝ አለችኝ። እሷን በከተማው ሁሉ «እንኳን መጣሽ» ብለው ነው የተቀበሏት። ከየት ነሽ፣ ማን ነሽ ያላት የለም።

ስለ ሙሽራዋ ሰንበት ነገርኳቸው። እትዬ ሳቁ። «ሴት መሆኗን ዛሬ ነው የሰማኸው?» አሉ። ቤተ እስራኤሎች ትእዛዘ ሰንበት የሚባል የግእዝ መጽሐፍ አላቸው። እዚያ ውስጥ ሰንበት እንደ ሴት ናት፤ ትናገራለች፣ ለሚያከብሯት በእግዚአብሔር ፊት ትማልዳለች። እትዬ ግእዝ አያውቁም። ቄሱ ሲያነቡ፣ ሲተረጉሙ ሰምተው ነው። ያ ሁሉ ሊቅ ታልሙድ አገላብጦ፣ የካባላውን ዋና መጽሐፍ ዞሃርን አገላብጦ የደረሰባትን ሰንበት፣ ታልሙድም ዞሃርም አይተው የማያውቁ የጎንደር ገበሬዎችና ሸክላ ሠሪዎች ተቀምጠው ሲያነጋግሯት ኖረዋል። በጉብኝቱ ፕሮግራም ላይ ግን እትዬ የሉም። የሁለት ሰዓት ክፍል የላቸውም።

ቀድሞ የተፈላውን ቡና እየጠጣን ስለ እናታቸው አወሩኝ። ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ድስቱ። የኛ ቤት ምጣድ ከሳቸው እጅ የወጣ ነው አሉኝ። «ገበያ ላይ ይገዙናል፣ ሲመሽ ቡዳ ይሉናል» አሉ፣ እንደ ቀላል ነገር። ስኳሩን ወደኔ እየገፉ።

እጄ ሳላውቀው አንገቴ ላይ ሄደ። ክታቡ ከሌለ 30 ዓመት አልፎታል። ከቡዳ ይጠብቀዋል ያለውን ደብተራ፣ ከማን ሊጠብቀኝ እንደነበር፣ እስከዚያች ማታ ጠይቄ አላውቅም። እናቴ በእሳቸው እናት ምጣድ እንጀራ እየጋገረች እኔን ከነሱ በቆዳ በተሰፋ ወረቀት ትከልለኝ ነበር። ለእትዬ አልነገርኳቸውም። ቡናውን በጣም አመሰገንኩ፤ ከሚገባው በላይ።

ጽፋት በሻማ ሥራዋ የታወቀች ናት። ሱቆቿ በሰም ግንብ፣ በሰም መርከብ የተሞሉ ናቸው። የሰንበት ሻማ የማይገዛ ጎብኚ የለም። ቤተ እስራኤሎች ግን አገር ቤት ሳሉ ለሰንበት ሻማ አያበሩም ነበር። ጭራሹን ከመግባቷ በፊት እሳት ሁሉ ይጠፋል፣ ፍሙ ይዳፈናል፣ ምግብ ቀዝቅዞ ይበላል። የእትዬ የልጅ ልጅ እዚያው የተወለደች የ11 ዓመት ልጅ ናት። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ በዕብራይስጥ ነው። ቀደም ብሎ፣ ገና ስገባ፣ ሁለት የጽፋት ሻማ ጠረጴዛው ላይ አብርታ፣ ዓይኗን በእጇ ሸፍና፣ ትምህርት ቤት የተማረችውን ጸሎት ስታደርስ አይቻታለሁ።

እትዬ ያኔ ከኋላዋ ቆመው «አሜን» አሉ። ከዚያ ወደ ማዕድ ቤት ገብተው የምድጃውን ማብሪያ አንድ በአንድ ነካክተው መጥፋቱን አዩ። ዶሮ ወጡን ቀዝቃዛውን በላነው።