«ኩዊን» በፍሬዲ አልበም ምክንያት አልተበተነም

«ፍሬዲ መርኩሪ ብቻውን አልበም ሊሠራ ባልደረቦቹን ትቶ ሄደ፤ ኩዊን ፈርሶ ለላይቭ ኤይድ የእርዳታ ኮንሰርት ታርቀው ተሰበሰቡ» የሚለው አስተያየት ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ኩዊንና ስለ ድምፃዊው ፍሬዲ ደጋግሞ እየተጻፈ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» የተባለው ፊልም ታሪኩን እንዲህ ስላሳየ ብዙዎች ቢያምኑት አይገርምም። ግን እንዲህ አልሆነም።

የፍሬዲ አልበም «ሚስተር ባድ ጋይ» የወጣው በኤፕሪል 1985 ነው። በዚያው ዓመት ኩዊን በጃንዋሪ ሪዮ፣ በኤፕሪል አውስትራሊያ፣ በሜይ ጃፓን መድረክ ላይ ነበር። ላይቭ ኤይድ የተካሄደው ጁላይ 13 ነው፤ ከጃፓኑ ጉዞ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ብቻውን አልበም በማውጣትም ፍሬዲ የመጀመሪያው አልነበረም። ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለር በ1981 እና በ1984 አውጥቷል፤ ጊታር ተጫዋቹ ብራያን ሜይም በ1983 የራሱን ሥራ አቅርቧል።

ስሕተቱ ቀላል አይደለም። ፍሬዲን ያለ ጥፋቱ ከሃዲ ያደርገዋል። በአገራችን ረሀብ ለተጎዱ ወገኖች ገንዘብ የተሰበሰበበትንም መድረክ የእርቅ ድራማ ያስመስለዋል። ያ ዝግጅት ያማረው አብረው ሲጫወቱ የከረሙ፣ ለእርሱም የተለማመዱ ሰዎች ስላቀረቡት ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ የ1984–85 የኩዊን ኮንሰርቶችን ቀናት ከአልበሙ መውጫ ቀን ጋር ያስተያይ።