ድሃ ስለ አካባቢ አይጨነቅም ያለው ማነው?

«ሆዱ ያልሞላ ሰው ስለ ዛፍና ስለ ወንዝ አያስብም» ሲባል አዲስ አበባ ውስጥ ደጋግሜ እሰማለሁ። የተማሩ ሰዎችም ይሉታል። እኔ በፍጹም አልስማማም።

ቀበና ወይም ባንተይቀጡ ወንዝ ዳር የሚኖሩ እናት ጋ ሂዱ። «የአካባቢ ጥበቃ ያሳስብዎታል?» ካላችኋቸው ዝም ሊሏችሁ ይችላሉ። ስለ ሽታው ጠይቋቸውማ! የትኛው ቱቦ ከማን ግቢ እንደሚመጣ ያውቃሉ። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ፣ ጨለማን ተገን አድርጎ የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚለቀው ማን እንደሆነም ያውቃሉ። የልጅ ልጃቸው ተቅማጥ ከየት እንደመጣ ይጠረጥራሉ። ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ጭንቀት አለ?

ገንዘብ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ ይርቃል። አጥሩ ረጅም ነው። ውሃ ሲጠፋ ሮቶ አለው። ቆሻሻውን የማህበር ልጆች ከበሩ ላይ ያነሱለታል፤ የት እንደሚደፋ አያይም። ስለዚህ አካባቢ ሲባል ትዝ የሚለው እንጦጦ ፓርክ፣ ችግኝ ተከላና የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ጥሩ ነገሮች ናቸው፤ እንጦጦ ወጥቶ ንጹህ አየር መሳብ ማን ይጠላል? ግን መድረኩን የሚይዘው የእሱ ሐሳብ ብቻ ሲሆን ያንገበግበኛል።

ቆሼን አንርሳ። ከተማው በሙሉ ለአሥርት ዓመታት ቆሻሻውን የደፋው እዚያ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ክምሩ ስር ቤት የቀለሱት አደጋው ስላልታያቸው አይደለም። ሌላ መሄጃ አልነበራቸውም፤ አንዳንዱም እንጀራው ከዚያው የሚለቀም ፕላስቲክና ብረት ነበር።

አጥር የማያግደው ነገር ግን አለ። በአቃቂ ወንዝ የሚለማው ሰላጣና ቆስጣ የሀብታምም ማዕድ ላይ ይቀርባል። ተመራማሪዎች እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ መርዛማ ብረቶችን እዚያ አትክልት ውስጥ አግኝተዋል። ይህን የሰማ ባለ ቪላ ስለ ወንዙ መጠየቅ ይጀምራል፤ ወንዙ ቤቱ ገብቷላ!

አሁን ወንዞቹን የማልማት ሥራ በየቦታው ይታያል። ደግ ነው። ዳርቻው በድንጋይና በአበባ ከመሸፈኑ በፊት ግን እነዚያ እናት ይጠየቁ፤ ተነስተው ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም የገቡ ጎረቤቶቻቸውም ይጠሩ። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ የሚያውቋቸው እነሱ ናቸው።