ይድረስ ለባለጎማው ሻንጣ

ይድረስ ለተከበርከው፣ በሌሊት በመስኮታችን ሥር ለምታልፈው ባለጎማ ሻንጣ። ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ጎማህ፣ እጀታህ፣ ዚፕህ ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ ቱሪስት በሚያዘወትረው አሮጌ ሰፈር የምንኖረው ከእንቅልፍ እጦት በቀር ደህና ነን።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለን አይጠፋም። ልክ ነው። ጎታችህ ዶላር ይዞ ይመጣል፤ ዶላር ደግሞ ፊት ለፊት አይሰደብም። ስለዚህ ዱላው ላንተ ደረሰ።

እስቲ የዘር ሐረግህን እንቁጠር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በርናርድ ሳዶው የተባለ አሜሪካዊ ጎማ ገጥሞ በጠፍር ለሚጎተት ሻንጣ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1972 ነው። ሮበርት ፕላት የተባለ አብራሪ ደግሞ በ1987 ሻንጣውን አቁሞ ሁለት ጎማና ተመዛዥ እጀታ ሰጠው። ከዚያ በፊት መንገደኛ ጓዙን በክንዱ ይሸከም ነበር። ክንድ ሲዝል ሦስተኛው ጫማ ቤት ይቀራል። አንተ ክንዱን ስላሳረፍከው ሸክሙ የቀረ መሰለው። አልቀረም፤ ወደ ሌላ ሰው ትከሻ ተዛወረ እንጂ።

መጀመሪያ የተዛወረው ወደ ጆሯችን ነው። ጎማህ ብዙ ጊዜ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ደረቅ ፕላስቲክ ነው። የኮብልስቶን መጋጠሚያ ለመኪና ጎማ ምኑም አይደለም፤ ላንተ ግን ገደል ነው። በየስንጥቁ ትወድቃለህ፣ ትወጣለህ። ድንጋዩ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ጎታችህም በሰከንድ አንድ ሜትር ተኩል ቢራመድ፣ በሰከንድ 15 ጊዜ ትንገጫገጫለህ ማለት ነው። ንዝረቱ ከጎማው ወደ ብሎኑ፣ ከብሎኑ ወደ ቅርፊትህ ይሄዳል። ቅርፊትህ ደግሞ ውስጡ ክፍት የሆነ ስስ ሳጥን ነው፤ የእንዲህ ያለ ዕቃ ስሙ ከበሮ ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ግራና ቀኙ ግድግዳ ከሆነ ድምፁ እየተላተመ ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል። ገርገርገርገር... ቋ! ቋ የምትለዋ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ናት።

መድኃኒት የለውም እንዳትል፣ አለው። የጎማውን ቁመት፣ ውፍረትና የመሐል ቀዳዳ መለካት ነው፤ 50 በ18፣ ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር የሆነው በብዛት ይገኛል። ዘንጉ በብሎን የታሰረ ከሆነ ከግራና ከቀኝ በሁለት ባለስድስት ጎን ቁልፍ ይዞ መፍታት፣ በሪቬት የተመታ ከሆነ በብረት መጋዝ ቆርጦ ማውጣት። ከዚያ ኩሽኔታ ያለው ለስላሳ የላስቲክ ጎማ መግጠም። ከልኩ ያለፈ ጎማ ማቀፊያውን እየፋቀ ይቆማል፤ አንዱን ብቻ የቀየረ ደግሞ ሻንጣው ወደ ጎን እየሳበ ያስቸግረዋል። እንግዲህ ይህን ያህል ነው። ጎታችህ ግን አያደርገውም፤ አንተ ከኋላው ስለሆንክ እሱ አልፎ ይሄዳል፣ ድምፁ ለእኛ ይቀራል።

በ2014 የጣሊያኗ ቬኒስ በጎማህ ጩኸት ቅጣት ልትጥል ነው ተብሎ ወሬው ዓለምን ዞረ። ኋላ ነገሩ ስለ ዕቃ ማመላለሻ ጋሪ ነው ተባለና ተረፍክ። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በተመረጡ ቀናት ለአንድ ቀን ብቻ የሚመጣ ጎብኚ 5 ዩሮ ይከፍል ጀመር። አንተን ይዞ የሚያድረው የአልጋ ግብር ስላለበት ከዚህኛው ነፃ ነው። ዕድልህን አየኸው?

የዚያች ከተማ መሐል በ1951 ወደ 175,000 ነዋሪ ነበረው፤ በ2022 ከ50,000 በታች ወረደ። ሁሉንም አንተ አባረርካቸው አላልንም፤ ግን አባሮሹ እንዴት እንደሚሠራ እናውቃለን። አሥር ሌሊት አንተን ማሳደር የወር ተከራይን ያህል የሚያስገባ ከሆነ፣ አከራዩ ለቀሪው ሃያ ሌሊት ሲል ተከራዩን ያሰናብታል። ቤተሰብ ሲለቅ ትምህርት ቤቱ ክፍል ያጥፋል፣ ጫማ ሰፊው ደንበኛ ያጣል፤ በቦታው ከሌላ አገር በኮንቴይነር የመጣ የፍሪጅ ማግኔት ይሸጣል። አልጋው የተያዘበት ድረ ገጽ 15 በመቶ ገደማ ኮሚሽኑን ቆርጦ ከአገር ይወጣል። የአውሮፕላኑ ቲኬት ገንዘብማ ቀድሞውኑ ወደ አገር አልገባም። ባርሴሎና ለ10,101 የቱሪስት አፓርታማዎች የሰጠችውን ፈቃድ በኅዳር 2028 ሲያበቃ እንደማታድስ ያስታወቀችው ወድዳ አይደለም።

ዶክሲ የተባለ ተመራማሪ በ1975 ባላገሩ ለጎብኚ ያለውን ስሜት በአራት ደረጃ ከፍሎታል፦ ደስታ፣ ቸልታ፣ ምሬት፣ ጠላትነት። በመጀመሪያው ደረጃ እንግዳው ይጋበዛል፤ በሁለተኛው ደንበኛ ይሆናል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይጨፈር የነበረው ጭፈራም ለአውቶቡሱ ሰዓት ሲባል 20 ደቂቃ ይሆናል። እኛ ሦስተኛውን ጨርሰናል። ደብዳቤው አሁንም በትሕትና መጻፉን ልብ በልልን።

የቀረው ሸክም አየሩ ላይ ነው። አውሮፕላን ለጨመረው ክብደት ሁሉ በየሰዓቱ የክብደቱን 3 በመቶ ገደማ ነዳጅ ያቃጥላል። 23 ኪሎ ሆነህ 10 ሰዓት ስትበር ላንተ ብቻ 7 ኪሎ ያህል ነዳጅ ይነድዳል፤ አንድ ኪሎ ነዳጅ ከ3 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ደምረው፤ አንተን የሚያህል ሌላ የጭስ ሻንጣ ይሆናል። ያንን ግን ማንም ከኤርፖርቱ የሻንጣ መዘውር ላይ አያነሣውም።

ፊሊፒንስ ቦራካይ የተባለችውን ደሴት በ2018 ለስድስት ወር ዘጋቻት። ምክንያቱ ያልተጣራ የሆቴል ፍሳሽ በቀጥታ ወደ ባሕሩ መግባቱ ነበር። ስትከፍታት በአንድ ጊዜ ከ19,215 ጎብኚ በላይ እንዳይኖር ወሰነች። ታይላንድ ደግሞ ማያ ቤይ የተባለውን ባሕረ ሰላጤ ከ2018 አጋማሽ እስከ ጥር 2022 ዘጋችው፤ ጀልባም ከዚያ ወዲህ ከባሕረ ሰላጤው ውጭ ነው የሚቆመው። አንተ ስትቀር ሻርኮቹ ተመለሱ። ከሁለታችሁ ማንን እንደምንመርጥ ባትጠይቀን ይሻላል፤ ሻርክ ቢያንስ ጎማ የለውም።

እንዲያም ሆኖ ቅር ብንሰኝም ከነጭራሹ አንለያይ። በ2020 የዓለም ጎብኚ ከ70 በመቶ በላይ ሲቀንስ መንገዱ ጸጥ አለ፤ የአልጋ አንጣፊዋና የአስጎብኚው ጓዳም አብሮ ጸጥ አለ። ስለዚህ ና። 23 ሳይሆን 10 ኪሎ ሆነህ ና፤ ሁለት ሌሊት ሳይሆን አንድ ሳምንት ቆይ፤ ባለቤቱ ራሱ ከሚኖርበት ቤት እደር። ሸክምን ለባለቤቱ መመለስ እንደሆነ ተሞክሯል። ኔፓል በ2014 ኤቨረስትን የሚወጣ እያንዳንዱ ሰው 8 ኪሎ ቆሻሻ ይዞ እንዲወርድ ደንግጋ ነበር፤ ቡድኑም 4,000 ዶላር ያስይዝ ነበር። ከ8,000 ሜትር በላይ ከሚወጣ ሰው የተጠየቀውን፣ ከታክሲው እስከ በራችን ላለችው 100 ሜትር ብንጠይቅ ምን ይለናል?

በጎንህ በኩል አንዲት አጭር እጀታ አለችህ፤ አቧራ ጠጥታለች። በእሷ ይያዝህ።

የመስኮቱ ባለቤቶች