ጎል የራቀው አጥቂ ሁሉ ልቡ ሸፍቷል ማለት አይደለም

ትልቅ ውድድር በተቃረበ ቁጥር የአንድ አጥቂ ስም ከቡድኑ አሰላለፍ ቀድሞ በዝውውር ወሬ ይነሳል። ውሉ ሊያልቅ ነው፣ ወኪሉ ከሌላ ክለብ ሰዎች ጋር ታይቷል፣ የክለቡን ፎቶ ከማኅበራዊ ገጹ አንስቷል፣ በመጨረሻው ጨዋታ ለደጋፊው ያጨበጨበው ከወትሮው ረዘም አድርጎ ነው ይባላል፤ ደጋፊው እነዚህን ምልክቶች እየለቃቀመ አጥቂው የት እንደሚያመራ ይተነብያል። በዚህ አልወቅሰውም። ለዓመታት ስሙን እየጠሩ የዘመሩለት ሰው ይሄድ ይሆን ወይ ብሎ መጨነቅ ከፍቅር የሚመጣ ነው። የምቃወመው ግምቱ ከዝውውር ገበያው አልፎ ሜዳ ሲገባና አጥቂው በብሔራዊ ቡድን ማሊያ የሚያደርገው እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በዚያ ግምት ሲተረጎም ነው። ኳስ ሲስት «ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው» ይባላል፤ ሲያገባ ደግሞ «ዋጋውን እያስወደደ ነው»። እንዲህ ባለው ፍርድ ፊት ተጫዋቹ ምንም ቢያደርግ ነጻ አይወጣም።

ለዚህ የሃሪ ኬንን የ2021 ታሪክ ያህል ግልጽ ምሳሌ አላገኘሁም (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን አምበልና የቶተንሃም አጥቂ የነበረው ኬን ክለቡን ለቆ መሄድ እንደሚሻ በዚያ ዓመት ሜይ ወር በአደባባይ ፍንጭ ሰጥቶ ነበር፤ ማንቸስተር ሲቲ እንደሚፈልገውም ያልሰማ አልነበረም። በወረርሽኙ ምክንያት በአንድ ዓመት የተራዘመው የአውሮፓ ዋንጫ የተጀመረው ይህ ጉዳይ ሳይቋጭ ነው። ኬን ከክሮኤሺያ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ጎል ሳያስቆጥር ተቀይሮ ወጣ። ጁን 18 በዌምብሌይ ከስኮትላንድ ጋር ደግሞ ውጤቱ 0 ለ 0 እያለ በ74ኛው ደቂቃ ቦታውን ለማርከስ ራሽፎርድ ለቀቀ። ቡድኑ ጎል አጥቶ በተጨነቀበት ሰዓት አምበሉና ዋና አጥቂው ሜዳውን ትቶ ወደ ተጠባባቂ ወንበር ሲያመራ የታየበት ያ ቅጽበት ለግምተኞቹ በቂ ማስረጃ ሆነላቸው። ሦስተኛውን የምድብ ጨዋታም ያለ ጎል ሲጨርስ ልቡ ከእንግሊዝ ጋር አይደለም የሚለው ወሬ ከአፍ አፍ ተዛመተ።

በእነዚያ ሦስት ጨዋታዎች ግን እንግሊዝ በጠቅላላው ያስቆጠረችው ሁለት ጎል ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም ያገባው ራሂም ስተርሊንግ ነው። ጎል የራቀው ከኬን ብቻ ሳይሆን ከቡድኑ ሁሉ ነበር ማለት ነው። ጥሎ ማለፉ ሲጀምር ኳሷ ወደ ሳጥን መድረስ ጀመረች፤ ጁን 29 ጀርመን 2 ለ 0 ስትሸነፍ ሁለተኛዋን ጎል ጃክ ግሪሊሽ ካሻገረለት ኳስ በግንባሩ ገጭቶ ያስቆጠረው ኬን ነበር። ሮም ላይ የዩክሬንን መረብ ሁለት ጊዜ ደፈረ። በግማሽ ፍጻሜው በጭማሪ ሰዓት የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት የዴንማርኩ ግብ ጠባቂ ካስፐር ሽማይክል ቢመልስበትም ተከታትሎ ራሱ አስቆጠረው። ጣሊያን ዋንጫውን በመለያ ምት ስትወስድም ኬን የራሱን ምት አልሳተም። ከጁን 18 እስከ ጁላይ 11 ባለው ጊዜ የዝውውሩ ጉዳይ አልተቋጨም ነበር። ጎል ያሳጣው የዝውውሩ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ እነዚህ አራት ጎሎች ከየት መጡ?

ወደፊቱን ማወቅ ለሚፈልግ ደጋፊ መልሱ ከተጫዋቹ ፊት ይልቅ በውሉ ላይ ተጽፎ ነበር። ኬን በ2018 የፈረመው የስድስት ዓመት ውል እስከ 2024 የሚያቆየው ሲሆን በ2021 ገና ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር፤ ሊቀመንበሩ ዳንኤል ሌቪ ሳይፈልጉ እንዲሸጡት የሚያስገድዳቸው ነገር አልነበረም። በዚያ ዓመት ኦገስት 25 ኬን ራሱ እንደሚቆይ አስታወቀ። ውሉ ሊያልቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ግን፣ በኦገስት 2023፣ ወደ ባየርን ሙኒክ ሄደ። ክለቡ በሚቀጥለው ዓመት ያለ ምንም ክፍያ ከሚያጣው ሸጦ ገንዘቡን መውሰድ እንደሚሻለው ለመረዳት የተጫዋቹን ማኅበራዊ ገጽ መሰለል አያስፈልግም።

የፊፋ ደንብም ቢሆን የተሸሸገ አይደለም። ውሉ ሊያበቃ ስድስት ወርና ከዚያ ያነሰ የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር መፈራረም ይችላል። አብዛኞቹ የአውሮፓ ውሎች የሚያበቁት ደግሞ ጁን 30 ነው፤ ይህ ቀን ብዙ ጊዜ የሚውለው በትልልቅ ውድድሮች እኩሌታ ላይ ነው። ኪሊያን ምባፔ በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ የገጠመው ይኸው ነበር። ወደ ሪያል ማድሪድ መሄዱ ጁን 3 ይፋ ስለሆነ የምድብ ጨዋታዎቹ ሲደረጉ በፓሪስ ሴንት ዠርሜን ውል ሥር ቆይቶ፣ ጁላይ 1 ፈረንሳይ ቤልጂየምን በጥሎ ማለፍ ስትገጥም የማድሪድ ተጫዋች ነበር። የሚያሳስበው የዝውውር ጥያቄ አልነበረም፤ የሚፈልገውን ክለብ አግኝቷል። ሆኖም በውድድሩ ያስቆጠረው አንድ ጎል ብቻ ነው፤ እሱም ፖላንድ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት። ምክንያቱን ለሚሻ ሰው በመጀመሪያው ጨዋታ ከኦስትሪያ ጋር አፍንጫው ተሰብሮ ጭምብል አድርጎ መጫወቱን ማስታወስ ይበቃዋል። ጉዳዩ የተቋጨለት ምባፔ አንድ፣ ያልተቋጨለት ኬን አራት አስቆጠሩ።

«ከውድድሩ በፊት ውሳኔውን ይንገረንና እንረፍ» የሚለው ጥያቄ እኔን የማያሳምነኝ ለዚህ ጭምር ነው። አንቷን ግሪዝማን የሩሲያው የዓለም ዋንጫ በተከፈተበት ዕለት፣ ጁን 14 ቀን 2018፣ በአትሌቲኮ ማድሪድ እንደሚቆይ ተናግሮ ነበር። ፈረንሳይ ዋንጫውን አነሳች፤ እሱም አራት ጎል አስቆጠረ። በዓመቱ ግን ባርሴሎና 120 ሚሊዮን ዩሮ ከፍሎ ወሰደው። ተጫዋቹ ዋሽቷል እያልሁ አይደለም፤ በአንድ ሰኔ የተነገረ ቃል ለሚቀጥለው ሰኔ ዋስትና ሊሆን አይችልም፤ ደጋፊውም ይህን ቃል ዕረፍት ይሰጠኛል ብሎ መጠበቅ የለበትም።

የክለብ ጉዳይ ብሔራዊ ቡድኑን ከቶ አይነካውም ብል ግን ከእውነት እርቃለሁ። ክርስቲያኖ ሮናልዶ ክለቡን በአደባባይ ከነቀፈበት ቃለ ምልልስ በኋላ ከማንቸስተር ዩናይትድ የተለያየው ኖቬምበር 22 ቀን 2022፣ ፖርቱጋል በኳታር የመጀመሪያ ጨዋታዋን ልታደርግ ሁለት ቀን ሲቀራት ነው። የቡድኑ ወሬ ሁሉ እሱ ሆነ። ያም ሆኖ ጋና ላይ በፍጹም ቅጣት ምት አስቆጥሮ በአምስት የዓለም ዋንጫዎች ጎል ያገባ የመጀመሪያው ወንድ ተጫዋች ሆኗል። ዲሴምበር 6 ስዊዘርላንድ 6 ለ 1 ስትሸነፍ ከተጠባባቂ ወንበር ሲጀምር፣ በቦታው የገባው ጎንሳሎ ራሞስ ሀትሪክ ሠራ፤ ሦስት ጎል አስቆጠረ ማለት ነው። ሮናልዶ ያን ጊዜ 37 ዓመቱ ነበር፤ ፍጥነቱ የቀነሰ አጥቂ ለወጣት ቦታ መልቀቁን ሳያነሱ ሁሉንም በክለብ ጠብ ማሳበብ ሚዛናዊ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ግምት የማንን ገበያ እንደሚያደምቅ አለመታሰቡ ነው። የተጫዋቹ ስም በተነሳ ቁጥር ወኪሉ የመደራደር ጉልበት ያገኛል፤ ሻጭ ክለብ ተፎካካሪ ገዢ ይመጣለታል፤ ወሬ አናፋሹ ተከታይ ያበዛል። ደጋፊው ግን የራሱን አጥቂ በጥርጣሬ እያየ ውድድሩን ይጨርሳል፤ ተጫዋቹም ኳስ ባመለጠው ቁጥር ታማኝነቱ ይመዘናል። የ2026ቱ የዓለም ዋንጫ በ48 ቡድኖች፣ በ104 ጨዋታዎች፣ ከጁን 11 እስከ ጁላይ 19 ሲዘልቅ ውሉ ጁን 30 የሚያበቃ አጥቂ በየጋዜጣዊ መግለጫው ስለ ሌላ ክለብ መጠየቁ አይቀርም። ብሔራዊ ቡድኖች ይህን ጥያቄ ከመግለጫ ክፍላቸው ቢያስወጡ፣ ተጫዋቹም ዝም ቢል፣ ዝምታውን የመሄድ ምልክት አድርጎ የመውሰድ መብት ማንም የለውም።