ሐዋሳ ገናን ረሳች ያለው ማነው?

ሰሞኑን አንድ ሰባኪ ወቀሰን። «ግርግሩ በዝቶባችሁ የልደቱን ባለቤት ረሳችሁት» አለ። ይህን ስም ማጥፋት ዝም ብዬ አላልፍም። የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 2 እንደ ሐዋሳ በተግባር የሚተረጉም ከተማ ካለ ያሳዩኝ።

ከማደሪያው ልጀምር። ታኅሣሥ 19 የሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ሲነግሥ ከተማው በእንግዳ ይጥለቀለቃል። መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣበት ዕለት ነው። ልጆቹ ወጡ፤ እሳቱን ግን የእኛ ፔንሲዮኖች አስቀርተው አልጋ ዋጋ ላይ ለቀቁት። ነፍሰ ጡር ሚስቱን ይዞ ከናዝሬት የመጣ ሰው ቢኖር (የእኛዋን ናዝሬት፣ አዳማን ማለቴ ነው) መጽሐፉ እንዳለው ማደሪያ አያገኝም። ለቃሉ እንዲህ የታመነ የአልጋ አከራይ የት አለ? እንዲያውም ከቤተልሔም እንበልጣለን። እዚያ ስፍራ የጠፋው እውነት ሞልቶ ነው። እኛ ጋ «አልጋ የለም» ከተባለ በኋላም ትንሽ ጨመር ለሚያደርግ ይገኛል።

ጾሙንስ? ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ነው። ነቢያቱ የጾሙት የመሲሑን መምጣት እየናፈቁ ነበር። በናፍቆት እኛም አንታማም። «ስንት ቀን ቀረው?» የማይል ሰው አላጋጠመኝም። ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሞ የሚተክዝ ሰው ያየ፣ ኢሳይያስ ራሱ ይህን ያህል መጠበቁን ይጠራጠራል።

የነገረ መለኮት እውቀታችንም ቀላል አይደለም። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርዳችሁ ታዘቡ። «ቃል ሥጋ ሆነ» የሚለውን እስቲ አብራሩልኝ ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። «ቆሮሶ ዓሣ ሥጋ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ላይ ግን ሁሉም ሊቅ ነው። አንዱ አባቶችን ይጠቅሳል፣ ሌላው አያቱን። ክርክሩ የሚቋጨው ሳህኑ ላይ ያለው ለብለብ ሲያልቅ ነው። አባ ኮዳዎቹ፣ ትልልቆቹ የሐይቅ ዳር ወፎች፣ ዙሪያውን ቆመው ያዳምጣሉ። አይከራከሩም፤ ለእነሱ ዓሣ ዓሣ ነው።

ታኅሣሥ 16 ደግሞ የፈረንጁ ገና ይመጣል። የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው፣ በዓል መድገም ደግሞ ኃጢአት አይደለም። ካፌዎች የፕላስቲክ ዛፍ ያቆማሉ። ቅርንጫፉ ላይ ጥጥ ይበተናል። በረዶ መሆኑ ነው። የሐዋሳው ታቦር ተራራ ላይ ፀሐይ ታቃጥላለች፣ ከሥሩ ቀይ ካፖርትና የጥጥ ጺም ያደረገ ወጣት ላቡን እየጠረገ ከልጆች ጋር ፎቶ ይነሳል። ሕፃኑና ግርግሙ የሉም። ቢኖሩም ጥጡ ይሸፍናቸው ነበር።

እረኞቹን እንዳልረሳ። ሉቃስ «ሌሊት መንጋቸውን ይጠብቁ ነበር» ይላል። ታኅሣሥ 27 ማታ ወደ ኮንዶሚኒየም ሂዱ። አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ በግ ታስሯል። የበጉ ባለቤት ብርድ ልብስ ተከናንቦ አጠገቡ ቁጭ ብሏል፣ ሌባ እንዳይወስድበት። የዚያን ሌሊት መልአክ ቢገለጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የየትኛው ብሎክ ነህ?» ተብሎ ነው።

ሴቶቹማ በትጋት ከሁላችንም ይልቃሉ። ከማኅሌቱ ቀድመው ሽንኩርት መክተፍ ጀምረው፣ ቅዳሴው ሲያልቅም ምድጃው ሥር ናቸው። ዶሮዋ 12 ብልት ሆና መውጣት አለባት። «እናንተስ ለምን ቤተ ክርስቲያን አልሄዳችሁም?» የሚላቸው ባል ራሱም አልሄደም። ግን ጥያቄው መንፈሳዊ ስለሆነ ይመሰገናል።

ሁሉም ቀርቶ ሰባኪው የሠፈራችንን ቅርጫ ቢያይ ኖሮ አፉን ይዞ ይመለስ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንት ዘመን የለመነችን ነገር ሁሉ እዚህ አለ። ጉባኤ ይቀራል? አይቀርም። የማኅበሩ ግሩፕ ድምፁ ተዘግቶ ከረመ፣ የቅርጫው ግሩፕ ግን ከላይ ተሰክቷል። በየአራት ዓመቱ በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ላይ እንደሚውል ከመምህራኑ ቀድሞ የሚያውቀው የቅርጫችን ሰብሳቢ ነው። አንድ ቀን ብንሳሳት እኮ በሬው ይጾማል።

አንድነቱን ተዉት። እ.ኤ.አ. በ451 ዓ.ም. በኬልቄዶን ጉባኤ ላይ አባቶች በክርስቶስ ባሕርይ ሳይስማሙ ተለያዩ። ያን ጊዜ የተከፈለው እስከ ዛሬ አልገጠመም። በእኛ ግቢ ግን ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ካቶሊኩም በአንድ በሬ ተስማምቷል። በሬው ስንት ባሕርይ አለው ያለ የለም። ጥያቄው ስንት ኪሎ ይወጣዋል ነው። ሊቀ ጳጳስ ያላስታረቃቸው ሁለት ጎረቤቶች፣ ለግቢ ውኃ የተጣሉት፣ ገበያ አብረው ሄደው የበሬውን ሻኛ እየዳበሱ ተሳሳቁ።

በሰዓት አክባሪነትም ቢሆን አንታማም። ሌሊት ለቅዳሴ «ብርዱ አይቻልም» ያለው ሁሉ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ጃኬቱን ደራርቦ ቢላዋ ይዞ ተገኘ። ኮባው ተነጠፈ። ጎድኑ፣ ታናሹ፣ ፍሪምባው፣ ጨጓራው ለእያንዳንዱ መደብ በእኩል ተደለደለ። አንዱ መደብ ላይ የጉበት ቁራሽ ቢያንስ አሥር ሰው ያየዋል። እንዲህ ያለ ፍትሕ ፍርድ ቤት ያገኘ ካለ ይንገረኝ። ከዚያ ቁልፍ፣ ጠጠር፣ የጠርሙስ ክዳን ተሰበሰበና ሕፃን ልጅ ጠርተን ዕጣውን አስጣልን። የዚያን ቀን ሐዋሳ ውስጥ ሁሉም ሰው በዝምታ ዓይኑን የተከለው ሕፃን ላይ ነበር። ሰባኪው ሌላ ምን ይፈልጋል?

ስለ ምጽዋት ደግሞ ልንገራችሁ። ከዕጣው በፊት አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

«ልጆቼ፣ አንድ መደብ ለግቢው ዘበኛ ብንቆርጥስ? ልጆች አሉት።»

ጸጥ አልን። ሰብሳቢያችን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ፣ ሐሳብዎ መንፈሳዊ ነው። ግን ብር ባልከፈለ ሰው ስም መደብ አይወጣም። ደንቡ ነው። ለፋሲካ አጀንዳ እናስይዘዋለን።»

«እሺ፣ እንግዲህ ምን እንስጠው?»

«ቆዳውን!» አለ አንዱ ከኋላ።

አጨበጨብን። በሙሉ ድምፅ አለፈ። ድሮ የበሬ ቆዳ ገንዘብ ነበር፣ ገዢው ደጅ ድረስ ይመጣ ነበር። አሁን ዋጋው ወድቆ በየመንገዱ የሚጣል ነገር ሆኗል። ቢሆንም ስጦታ በልብ ነው የሚለካው፣ እኛ ደግሞ ከልባችን ነው የሰጠነው። ዘበኛው ሙሉ ቆዳ፣ ጸጉሩ ያልተነካ፣ ተሸክሞ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለን። እንዲያውም ፎቶ አንስተነው ግሩፑ ላይ «መልካም ሥራ» ብለን ለጠፍነው። አሜን የሚል ዘነበ።

ጥር 1 ቀን ሰብሳቢያችን እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ውድ አባላት፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። ዘበኛው ያንን ቆዳ እስከ ማታ ከግቢ እንዲያወጣ ይነገረው፤ ሽታው የበዓሉን መንፈስ እያበላሸ ነው።»