ሜዳውን ማን ወሰደው?

በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ላይ በየጊዜው የሚዞር አንድ ዓይነት ፎቶ አለ። እፍኝ ብይ፣ የጨርቅ ኳስ፣ መሬት ላይ የተሰመረ ሰኞ ማክሰኞ፣ ወይም ዳንቴል የለበሰ አሮጌ ቴሌቪዥን። ከሥሩ «ይህን የምታውቁ እጅ አውጡ» ይላል። እጁን የሚያወጣው ብዙ ነው፤ እኔም አወጣለሁ። ቅር የሚለኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ብዙ ሳይቆይ አንዱ ብቅ ብሎ «የዛሬ ልጆች ምን ልጅነት አላቸው፤ ስልክ ላይ ተጣብቀው ነው የሚውሉት» ይላል። ሌላው «የመጨረሻዎቹ ልጆች እኛ ነን» እያለ ያጸድቅለታል። ትዝታው በአንድ አፍታ ወደ ክስ ይለወጣል፤ ተከሳሹ ደግሞ የሰባት ዓመት ሕፃን ነው።

ሕፃኑ አፍ አውጥቶ ቢከራከር አንድ ጥያቄ ይበቃው ነበር፤ የት ልጫወት?

የእኛ ጨዋታ ምን ይፈልግ እንደነበር እናስታውስ። ብይ አፈር ይፈልጋል። ጉድጓዱ በተረከዝ እየተሽከረከሩ የሚቆፈር ነው፤ በሲሚንቶ ላይ ማን ይቆፍራል? ሰኞ ማክሰኞ መኪና የማይቆምበት መሬት ይፈልጋል። ድብብቆሽ ጓሮ ይፈልጋል፤ ከጓሮው በላይ ደግሞ «እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ የማያባርር ጎረቤት። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ «አኩኩሉ» ሲል «አልነጋም» የሚለው መልስ ከየሰዉ ግቢ ይመጣ የነበረው በሩ ሁሉ ገርበብ ብሎ ስለሚውል ነው። ሱዚ የሚዘሉ ሴቶች ልጆች ላስቲኩን የሚይዝ ሰው ሲጎድላቸው አንዱን ጫፍ የመብራት ምሰሶ ላይ ያስሩታል፤ መንገዱ ተዘጋ ብሎ ጡሩምባ የሚነፋባቸው አልነበረም።

ኳሱንማ የምንሠራው ራሳችን ነበርን። ጥንዱ የጠፋበት ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል እየጠቀጠቁ መስፋት ነው። ዝናብ ሲነካው እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ጭንቅላት ላይ ያረፈ ዕለት ወዮልህ። ጎሉ ሁለት ድንጋይ፣ ሕጉ «ሦስት ኮርና አንድ ፔናሊቲ»። ሕጉን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ሲጣስ ግን ሁሉም ዳኛ ነው። ግማሹ ጨዋታ ክርክር ነበር ብል አላጋነንኩም። ኳሱ ገባ አልገባም፣ ድንጋዩን ነካ ከላዩ ሄደ እያልን ድምፃችን እስኪዘጋ እንሟገታለን። ማግባባትንም፣ መሸነፍንም፣ በማግስቱ የተጣሉትን ልጅ ሳያፍሩ መጥራትንም እዚያው ተማርን። አስተማሪ አልነበረንም፤ ያስፈለገን ቦታና ጊዜ ብቻ ነበር።

የጣፋጩ ነገር አጭር ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቡም አጭር ነበር። ስሙኒ የያዘ ልጅ የቀኑ ባለጸጋ ነው። ከሱቅ ደስታ ከረሜላና ባናና ማስቲካ፣ ከጉልት ፓስቲና ሸንኮራ፣ ክረምት ሲሆን ከሰል ላይ የተጠበሰ በቆሎ። ዛሬ ላይ ሆኜ የማደንቀው ግን ጣዕሙን ሳይሆን አከፋፈሉን ነው። አንዲት ከረሜላ ለሦስት ልጅ ስትደርስ በሸሚዝ ጫፍ ትጠቀለልና በጥርስ ትሰበራለች፤ ጨርቁ ስላለ ምራቅ አልነካትም፣ ስለዚህ ንጹሕ ናት። ሸሚዙ ቀኑን ሙሉ የት እንደዋለ የሚጠይቅ የለም። ቡሄ ሲደርስ ደግሞ ሆያ ሆዬ ጨፍሮ የተገኘው ሙልሙልና ሳንቲም የሚከፋፈለው ከጭፈራው ረዘም ባለ ጭቅጭቅ ነበር።

ወደ ቴሌቪዥኑ ልምጣ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ቀለም ያገኘው አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ነው። ጣቢያው ቀለም ለበሰ ማለት ግን ሠፈሩ ቀለም አየ ማለት አልነበረም፤ በ1980ዎቹ ብዙ ቤት ውስጥ የነበረው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ያውም ካለ። አንዳንዱ ቤት መዝጊያና ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠው ነበር። ምስሉ ሲንቀጠቀጥ አንዱ ጣራ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፣ ሌላው በመስኮት «ተወው! ተወው! ኧረ አበላሸኸው!» እያለ ይጮሃል። ጣራ ላይ ያለው ዝግጅቱን ሳያይ ያልቃል፤ ይህ ዕጣ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው ለታላቅ ልጅ ነው።

አባባ ተስፋዬን የማያነሣ የዚህ ዓይነት ጽሑፍ የለም፤ እኔም አልዘላቸውም። ተስፋዬ ሣህሉ ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሳይቀር የተጫወቱ የቴአትር ሰው ነበሩ። ከዚያ በቴሌቪዥን 42 ዓመት ለልጆች ተረት አወሩ፤ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰላቸው ሕዝብ ባብዛኛው ጎልማሳ ነበር። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ ለመስታወቱ ጮኸን እንመልስ ነበር፤ የሚሰሙን ይመስለናል። የልጆቹ ሰዓት ሲያልቅ ሌላ የሚዞርበት ጣቢያ ስለሌለ እዚያው ተቀምጠን ዜናውን እንሰማለን፣ ድራማውን እናያለን፣ ግማሹን ሳንረዳው እንቅልፍ ይወስደናል። አያትና የልጅ ልጅ አንድ ነገር አይተው በማግስቱ ስለዚያው ያወራሉ።

ለዚህ ትልቁ ምስክሬ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመው። አሰፋ መዝገቡ ሦስተኛ ወጥቶ ነሐስ ማግኘቱን እንኳ በጩኸቱ መካከል ልብ ያለው ጥቂት ነው። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ በሩን ከፍቶ ነበር፤ ውድድሩ ሲያልቅ ሕዝቡ አንድ ላይ ወደ መንገድ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ሳምንት የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ሯጭ ሆነ። ችግሩ ሁሉም ኃይሌ መሆን መፈለጉ ነው፤ ቴርጋት የሚሆን ጠፍቶ ታናናሾቻችንን በግድ ቴርጋት አደረግናቸው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ናፍቆቱም ውሸት የለበትም። ጎዶሎ ግን ነው። አንድ ጣቢያ ላይ የተሰበሰብነው ፍቅራችን ከዛሬው ስለበለጠ ሳይሆን ያለው እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው፤ እርሱም የመንግሥት ነበር፣ አዋቂዎቹ የሚሰሙትን የሚመርጥላቸው ሌላ ሰው ነበር። እኛ ወንዶቹ እስኪመሽ ኳስ ስናባርር እህቶቻችን ከቦኖ ውኃ ተሰልፈው፣ ሽንኩርት ልጠው፣ ሕፃን አዝለው ነው ሱዚ የሚደርሱት። ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ሊያይ ሄዶ «እግርህ ቆሻሻ ነው» ተብሎ ከደጃፍ የተመለሰ ልጅም በዚያ ፎቶ ሥር አስተያየት አይጽፍም። በኋላ የመጣው ሁሉ ባዶ ነው ማለትም ግፍ ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በ1999 ዓ.ም. ሲጀምር ከእኛ በኋላ የተወለዱ ልጆች በአማርኛ የምታስተምራቸው የአሻንጉሊት ቀጭኔ አገኙ። እኛ ለአባባ ተስፋዬ እንደምንመልስላቸው እነርሱም ለእርሷ ይመልሱላት ነበር።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ በተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለዕርድ፣ ለለቅሶ፣ ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ሕንፃ ታስቦበታል። በብሎኮቹ መካከል የነበረውን ባዶ ቦታ ግን መኪና ወረሰው። «ኳስ መጫወት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ የለጠፈ ግቢ አይቻለሁ፤ ከሥሩ የቆሙት መኪኖች ምንም ክልክል የለባቸውም። በየሠፈሩ የነበረች ሜዳም ወይ ታጥራለች ወይ ተሸጣለች ወይ የአሸዋና የጠጠር ማራገፊያ ሆናለች። የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ኮብልስቶን ለብሷል፤ ጭቃውን አልናፍቅም፣ ነገር ግን ከድንጋዩ ጋር ፍጥነት መጣ፣ ከፍጥነቱ ጋር የእናቶች ሥጋት መጣ። ተከራይ ደግሞ በየዓመቱ ቤት ይቀይራል፤ ልጁ ጓደኛ አፍርቶ ሳይጨርስ ዕቃው ይጫናል። ይህን ሁሉ ያደረገ ሕፃን የለም። ስልኩንም ቢሆን ምሳውን እንዲበላልን ወይም ለቅሶ ቤት ዝም እንዲልልን እጁ ላይ ያስቀመጥነው እኛው ነን።

በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማቱ በየዋና መንገዱ ዳር የልጆች መጫወቻዎች ተሠርተዋል፤ ያማሩ ናቸው፣ ይብዙ። ልጅ ግን በየቀኑ የሚጫወተው ታክሲ ተይዞ በሚደረስበት ቦታ አይደለም። በራሱ እግር ሄዶ፣ እናቱ ከመስኮት ስትጠራው ሰምቶ እንዳልሰማ ሊሆን የሚችልበት ርቀት ላይ መሆን አለበት።

ስለዚህ ትዝታው የምር ከሆነ ወደ ሥራ እንለውጠው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ዋና ዋና ጎዳናዎች ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ነጻ ሲሆኑ ምን እንደሚፈጠር አሳይቶናል፤ ማንም ሳያዛቸው ልጆች አስፋልቱን ሞሉት። ይህንኑ በየብሎኩና በየመንደሩ ለማድረግ ከንቲባ አያስፈልግም። የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች ለጥበቃና ለጽዳት ስብሰባ ይጠራሉ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳው ላይ አንድ መስመር ይጨመር። እሑድ ከሰዓት፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ግቢው የልጆች ነው። የኳስ ክልከላውም ጽሑፍ ይነሣ። «መኪናዬን የት ላቁመው?» የሚል አባል እንደሚነሣ አውቃለሁ። ዋናው መንገድ ዳር ያቁመው፤ ጠባቂ ይጨመርልኝ ካለም ይጨመርለት፣ የእኔን ድርሻ መዋጮ ከወዲሁ እከፍላለሁ።